ጉድጓዱን ከመድፈናችሁ በፊት፦ የመንገድ ጉዳትን መዝግቦ የጥገና ዕቅድ ማውጣት

በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚደፈን ጉድጓድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመስቀል በኋላ ገረጋንቲ ይፈስበታል፣ ይጠቀጠቃል፣ ለጥቂት ወራት መኪናው ሳይንገጫገጭ ያልፍበታል። ክረምት ሲገባ ያው ጉድጓድ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ሰፍቶ። የደፈኑት ሰዎች ሰንፈው አይደለም። ጉድጓዱን የፈጠረው ነገር ስላልተነካ ነው። ያ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ አሥር ሃያ ሜትር ርቆ፣ በደለል የተሞላ ቦይ ወይም አፉ የተደፈነ ቱቦ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ይህን የጻፍኩት በወሎ ላሉ የወረዳ መንገድ ባለሙያዎች፣ ለከተማ ቴክኒሻኖችና የቀበሌያቸውን መንገድ ለሚከታተሉ ኮሚቴዎች ነው። ሌዘር የተገጠመለት የመለኪያ መኪና የላችሁም። አብሽሩ፣ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። እግር፣ ሜትር፣ ደብተርና ትዕግሥት ካለ ለበጀት የሚቀርብ ጥሩ መረጃ ይሰበሰባል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንስማማ፦ በመዝገባችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ጉዳት ጎን ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ የሠራችሁት የጉድጓድ ቆጠራ ነው።

መቼ ይወጣል?

ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። ስለዚህ መንገዱም በዓመት ሁለቴ ይጎዳል፤ ሁለቴም መታየት አለበት።

ዋናው ዳሰሳ በጥቅምት ይሁን። ዝናቡ ቆሟል፣ የውሃው ዱካ ግን ገና አልጠፋም። ደለሉ የተኛበት፣ ትከሻው (ከመኪና መሄጃው ዳር ያለው ቦታ) የተቦረቦረበት፣ ቱቦው አፍ ላይ ቅርንጫፍ የተሰነቀረበት ሁሉ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ለሥራ ይቀራሉ፤ በልጉ ሳይመጣ ይጠናቀቃል። ሁለተኛው ግንቦት ላይ ነው። ይሄኛው ቀለል ይላል፤ ቦዮችና ቱቦዎች ለክረምቱ ዝግጁ መሆናቸውን ማየት ብቻ ነው። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምርም ጥያቄያችሁን ለማስተካከል የመጨረሻው ዕድል ነው።

ከሁለቱ ውጭ አንድ ተጨማሪ ምክር አለኝ። ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ አስቸጋሪዎቹ ቦታዎች ውጡ። ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ የት መንገዱን አቋርጦ እንደሚያልፍ ያኔ ራሱ ያሳያችኋል። በበጋ በግምት የሚሞላውን ቅጽ ግማሹን በዚያች ግማሽ ሰዓት ታገኙታላችሁ።

የሚያዘው ዕቃ

50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትርና ትንሿ የ5 ሜትር፣ የ2 ሜትር የግንበኛ ስታጋ፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ ወይም ቀለም፣ ዶማና አካፋ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያና ሁለት ቀይ ባንዲራም የግድ ናቸው። ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ በኩል ያለውን ጥምዝምዝ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። አንድ ሰው ሲለካ ሌላው ከመታጠፊያው በፊት ቆሞ ባንዲራ ይያዝ። ለማስጠንቀቂያ ድንጋይና ቅጠል መንገድ ላይ ካደረጋችሁ፣ ስትጨርሱ አንሡት። ተረስቶ በቀረ ድንጋይ የሰው ሕይወት ይጠፋል።

መንገዱን መከፋፈል

መነሻችሁ የማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፦ ድልድይ፣ መገንጠያ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ። "ከሱቁ በታች" ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ሱቁ ሲዘጋ ይጠፋል። አስፋልቱን በየ100 ሜትር፣ ጠጠር መንገዱን በየ200 ሜትር ክፈሉት። ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ስጡ። 3+400 ማለት ከመነሻው 3 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ፎቶው ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ሁልጊዜ ከመነሻው ወደ መድረሻው አቅጣጫ አንሱ፤ ያኔ የዘንድሮውንና የመጪውን ዓመት ፎቶ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

ሥራውን በጅምላ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ሰዎች ያንኑ 100 ሜትር ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ደብተራቸውን ያስተያዩ። አንዱ "መካከለኛ" ያለውን ሌላው "ከባድ" ካለው፣ እዚያው ቆማችሁ ተስማሙ። ይህን የዘለለ ቡድን መጨረሻ ላይ የሚያቀርበው የመንገዱን ልዩነት ሳይሆን የመዝጋቢዎቹን ጠባይ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ የውሃ ነው

ጉድጓድ ከመለካታችሁ በፊት ክፍሉን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተራመዱት፤ ውሃውን ብቻ እያያችሁ።

ከመንገዱ ወለል ጀምሩ። ውሃ ከመሀል ወደ ዳር እንዲወርድ ወለሉ መሀሉ ላይ ከፍ ማለት አለበት። አስፋልት 2.5 በመቶ ያህል ተዳፋት ይበቃዋል። ጠጠር መንገድ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይፈልጋል። ልኬቱ ቀላል ነው። ስታጋውን ከመንገዱ መሀል ወደ ዳር አጋድሙት፤ ውሃ ልኩን ላዩ ላይ አድርጋችሁ የውጪውን ጫፍ እስኪስተካከል አንሡት። ከጫፉ በታች ያለውን ክፍተት ለኩ። በ2 ሜትር ስታጋ 4 በመቶ ማለት 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠጠር መንገድ ላይ 4 ሳንቲ ብቻ ካገኛችሁ ተዳፋቱ በግማሽ ጠፍቷል፤ ውሃው መንገዱ ላይ ይቆማል። ዜሮ ወይም ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኗል ማለት ነው። እዚያ ላይ ጉድጓድ መድፈን ገንዘብ መድፋት ነው።

ቀጥሎ ቦዩ። ጥልቀቱን ለኩ፤ በሣር፣ በደለል፣ ደጅ ላይ በተሠራ መሸጋገሪያ መዘጋቱን ጻፉ። ከተማ ውስጥ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታ ለይታችሁ መዝግቡ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ላይ የተዘጋ አንድ ቦይ ታች ያለውን አስፋልት ያርሰዋል።

ከዚያ ቱቦውና ድልድዩ። ሁለቱንም አፍ እዩ፤ መግቢያውን ብቻ አይቶ መሄድ የተለመደ ነው። የደለሉን ከፍታ ለኩ። 90 ሳንቲ ስፋት ያለው ቱቦ 45 ሳንቲ ደለል ከያዘ ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ግማሹ ሄዷል። መውጫው ሥር ተቦርቡሮ ባዶ ከሆነ፣ ላዩ ደህና ቢመስልም በሚቀጥለው ጎርፍ ሊናድ ስለሚችል በቀይ ጻፉት። ቆቦ አካባቢ ይሄ ነገር የበለጠ ይብሳል። እንደ ጎሊና ያሉት ወንዞች ከተራራው ድንጋይና አሸዋ ይዘው በድንገት ይወርዳሉ፤ ትናንት የተጠረገ ቱቦ በአንድ ሌሊት ይሞላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ "ተጠርጓል" ብቻ አይበቃም፤ በክረምት ስንት ጊዜ መጠረግ እንዳለበት ዕቅዱ ላይ ይግባ።

የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። "አባቴ፣ ክረምት ላይ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?" ብላችሁ ስትጠይቁ በጣታቸው የሚያሳዩዋችሁ የአጥር ምልክት ከብዙ ግምት ይሻላል። ደግሞም የቦዩ ውሃ የሚወጣው ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ነው። ማሳውን እየበላበት ከሆነ ቦዩን ቢዘጋው አይፈረድበትም። ይህንንም ጻፉ፤ መፍትሔው ግሬደር ሳይሆን መውጫውን በድንጋይ መሥራትና ከባለ ማሳው ጋር መስማማት ነው።

አስፋልቱን ማንበብ

አሁን ወደ ጉዳቱ። እያንዳንዱ ዓይነት ከየት እንደመጣ ይናገራል።

የአዞ ቆዳ የሚመስለው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስንጥቅ ጎማ በሚሄድበት መስመር ላይ ከታየ፣ መንገዱ ከሥሩ ደክሟል። ይህን ላዩን ሬንጅ ቀብቶ ማዳን አይቻልም። ርዝመቱንና ስፋቱን ለክታችሁ በካሬ ሜትር አስገቡ። ዝናብ ባለፈ ማግስት በስንጥቁ ዙሪያ ግራጫ ጭቃ ደርቆ ካገኛችሁ ጎንበስ ብላችሁ በጣታችሁ ፈትጉት። ልስልስ ያለ ዱቄት ከሆነ ከአስፋልቱ በታች ካለው የጠጠር ንጣፍ (ቤዝ ኮርስ) የመጣ ደቃቅ ነው። መኪናው ሲረግጠው ውሃው ይዞት ይወጣል፤ ሥሩ ባዶ እየሆነ ነው። ያ ቦታ ዛሬ ጉድጓድ ባይኖረውም በክረምቱ ይኖረዋል። እኔ ይህን ምልክት ከማንኛውም ጉድጓድ አስቀድሜ እመዘግባለሁ።

መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ ወይም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነጠላ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ ከአስፋልቱ እርጅና፣ ከብርድና ሙቀት መፈራረቅ ወይም ከግንባታው መጋጠሚያ ይመጣል። ይሄ ይድናል። ስፋቱ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀላል፣ ከ6 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ በሉት። ውሃ ሳይገባበት በሬንጅ ማሸግ ርካሽ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የጎማ መስመሩ ከሰመጠ ስታጋውን በመስመሩ ላይ አግድም ዘርግታችሁ ጥልቁን ቦታ ለኩ። ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ቀላል፣ እስከ 25 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። ቅርጹንም እዩ። ሰፋ ብሎ ዝም ብሎ የወረደ ከሆነ የደከመው ሥሩ ነው። ጠበብ ብሎ ጎንና ጎኑ ላይ ጉብታ ካወጣ ግን አስፋልቱ ራሱ በሙቀትና በክብደት ፈሷል። ቆላውን ይዞ በሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ የሚመጣው መስመር ላይ ሁለተኛውን ጠብቁ። የጅቡቲ ጭነት የያዘ ተሳቢ ዳገት ላይ እየተጎተተ ሲወጣ አስፋልቱን ለረጅም ጊዜ ይጫነዋል። ስለዚህ የወጪውንና የወራጁን መስመር ለየብቻ መዝግቡ። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያረፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትርፍ ጭነት የሚበዛበት መስመር ቶሎ ቢያልቅ የኮንትራክተር ጥፋት ብቻ አድርጋችሁ አትጻፉት።

ጉድጓዱን ራሱን መለካት በፍጥነት ያልቃል። ርዝመት፣ ስፋት፣ ጥልቀት። ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ቀላል፣ እስከ 50 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። ጠርዙ የተሸራረፈውን አስፋልት ደግሞ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባና ትከሻው ስንት ሳንቲ እንደወረደ ለኩ። ባጃጅና አይሱዙ ሰው ለማውረድ ዳር የሚይዙበት ቦታ ላይ ይበዛል፤ መፍትሔው ጠርዙን ማከም ሳይሆን መቆሚያ መሥራት ሊሆን ይችላል።

ጠጠርና ፒስታ መንገድ

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ "ስንት ሳንቲ ጠጠር ቀረ?" ነው። በየክፍሉ አንድ ቦታ፣ ከጎማ መስመሩ ላይ፣ በዶማ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠሩ እስከሚያልቅበት ድረስ ለኩ፤ መልሳችሁም ጠቅጥቁት። 15 ሳንቲ ተነጥፎ የነበረው 5 ከደረሰ ጊዜው አልቋል። እንደ ጃማ ባለ ጥቁር አፈር የበዛበት ወረዳ ደግሞ እስከዚያም አትጠብቁ። ያ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጠጠሩ አልቆ መኪናው አፈሩን መርገጥ ሲጀምር መንገዱ በአንድ ክረምት ይዘጋል። በበጋ ከመንገዱ ዳር ጋር ትይዩ የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ካያችሁም አፈሩ ከትከሻው በኩል እየደረቀ መሸብሸቡን ይነግራችኋል።

ኮሩጌሽን የሚሉት፣ መኪናውን እንደ ወንፊት የሚያንቀጠቅጠው ሽብሽብታ፣ ከፍጥነትና ጠጠሩን የሚያይዝ ደቃቅ አፈር ከማነስ ይመጣል። ጫፍ ጫፉን መላግ አያድነውም። ግሬደሩ እስከ ሥሩ ቆርጦ፣ አርጥቦ፣ ቅርጽ ሰጥቶ፣ ሮለር መከተል አለበት። ስለዚህ ስትመዘግቡ በአቅራቢያ ውሃ መኖሩንም ጻፉ። በጋ ላይ ደረቁን የተላገ መንገድ ብዙ ሳይቆይ አቧራ ሆኖ ይሄዳል።

የማይደፈን ስንጥቅ

አንድ ዓይነት ስንጥቅ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ መታየት አለበት። ገደል ባለበት በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ፣ የገደሉ በኩል ያለው ጎኑ ዝቅ ያለ ስንጥቅ። ይህ የመሬቱ መንሸራተት ነው። ከወልዲያ በድልብ ወደ ጋሸና በሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ፣ ደሴ ዙሪያም፣ ዓይናችሁን ክፈቱ። የተጋደሙ ዛፎች፣ ከዳገቱ ሥር የሚያፈስ ውሃ፣ የተጣመመ የስልክ እንጨት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። በስንጥቁ ሁለት ጎን ምስማር ምቱ፣ ርቀቱን ለኩ፣ በየሳምንቱ እየለካችሁ ቀኑን ጻፉ። እየሰፋ ከሄደ ጉዳዩ ከናንተ እጅ ወጥቷል፤ የጂኦቴክኒክ (የአፈርና የመሬት) ባለሙያ እንዲመጣ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ከባድ መኪናም ከዚያ ጎን አርቁ።

ማን ይጠቀምበታል?

ተሽከርካሪ ቁጠሩ፤ በገበያ ቀንና በተራ ቀን። የባቲን መንገድ ከሰኞ ውጭ ብቻ የቆጠረ ሰው መንገዱን አላየውም። በእግርና በግመል የሚያልፈውንም አትርሱ። ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ እህል የሚወጣበት ቀበሌ ካለ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ይህን ጠይቁ፦ መንገዱ ቢቆረጥ ሌላ መውጫ አለ? ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትወጣበት ቀበሌ ያለች አንዲት የተቦረቦረች ቱቦ፣ በከተማ መሀል ካሉ ብዙ ጉድጓዶች ትቀድማለች። ይህን ደፍራችሁ ጻፉት።

ከመዝገብ ወደ ዕቅድ

ለየክፍሉ ሦስት ነጥብ ስጡ፤ ለወለሉ፣ ለመንገዱ አካል ጥንካሬ፣ ለውሃ ማውረጃው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5፤ 5 ጥሩ ማለት ነው። ሦስቱን አትደምሩ፣ ለየብቻ ተዉአቸው። ጥምረቱ ሥራውን ይነግራችኋል።

ለምሳሌ 3+400ን እንውሰድ። ባለ 100 ሜትር የአስፋልት ክፍል ነው፣ ስፋቱ 6 ሜትር፤ ስለዚህ 600 ካሬ ሜትር። የተጎዳው 12 ካሬ ሜትር፣ 2 በመቶ ማለት ነው። ወለል 3፣ ጥንካሬ 4፣ ውሃ 1። ሥሩ ጤነኛ ነው፤ ውሃው ነው እየገደለው። ሥራው ቦይና ቱቦ መጥረግ፣ ከዚያ መለጠፍ። በ5 ሳንቲ ውፍረት 0.6 ሜትር ኩብ፣ ወደ 1.4 ቶን አስፋልት ይፈልጋል። ወለል 2፣ ጥንካሬ 1፣ ውሃ 4 ቢሆን ኖሮ ግን ልጣፍ ከንቱ ነበር፤ ተቆፍሮ እንደገና መሠራት አለበት።

አሁን ከባዱ ውሳኔ። ሁሉም ሰው የባሰው ይቅደም ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን በጀቱ ትንሽ ከሆነ ይህ ደንብ መንገዶቻችሁን ሁሉ ወደ ባሰው ይወስዳቸዋል። ያለቀ አንድ ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ በ6 ሜትር ስፋትና በ15 ሳንቲ ውፍረት እንደገና ለማንጠፍ የተጠቀጠቀ 900 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ሲጠቀጠቅ የሚቀንሰውን ሩብ ያህል ጨምሩበት፣ ባለ 16 ሜትር ኩብ ሲኖትራክ ወደ 70 ምልልስ ነው። በዚያ ገንዘብ ገና ያልተበላሹ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ቦያቸው ተጠርጎ ቅርጻቸው ይመለሳል።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ያዙት። አንደኛ፣ ሰው የሚገድልና መንገድ የሚቆርጥ፦ የተናደ ቱቦ፣ የተንሸራተተ ዳር። ሁለተኛ፣ የሁሉም መንገድ ውሃ ማውረጃ፤ ይህ በየዓመቱ የማይቀር መደበኛ ጥገና ነው። ሦስተኛ፣ መካከለኛ ሆነው ሊያመልጡ የተቃረቡ ክፍሎች፤ ወቅታዊ ጥገና። ያለቁትን መኪና እስኪያልፍ ብቻ መጥፎ መጥፎ ቦታቸውን አስተካክሉ፤ ለመልሶ ግንባታ የተለየ በጀት ጠይቁላቸው። በአገራችን በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ የሚሰበሰበው ለጥገና ነው፤ ጥያቄያችሁ መደበኛውንና ወቅታዊውን ለይቶ፣ በሜትርና በሜትር ኩብ ተሰልቶ ሲቀርብ ለመከራከር ይመቻል።

ደንቡን ለቀበሌዎቹ ልኬቱ ሳይጀመር ንገሯቸው። ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የወጣ ደንብ አድልዎ ይመስላል፤ ቀድሞ ከታወቀ ግን ተራው ያልደረሰው ቀበሌም ለምን እንደሆነ ይረዳል።

ሥራው ሲያልቅ በዚያው ቅጽ ላይ ቀኑን፣ የተነጠፈውን ውፍረትና ገረጋንቲው የመጣበትን ካባ (ተቆፍሮ የወጣበትን ቦታ) ጨምሩ። ፋይሉን በአንድ ሰው ላፕቶፕ ብቻ አታስቀምጡት፤ ባለሙያ ይዛወራል። አንድ የታተመ ቅጂ በወረዳው፣ አንድ በዞኑ፣ አንድ በቀበሌው ኮሚቴ እጅ ይቀመጥ።